የአቦካዶው ሥር አውጫጭኝ

ስልክ ሲግል የሚሸተውን ሽታ ታውቁታላችሁ? የተቃጠለ ላስቲክ አይደለም፤ ልቃጠል ወይስ ልተወው እያለ የሚያመነታ ላስቲክ ነው። ባለፈው ሳምንት ክፍል ውስጥ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ ስልኳን ከደብተሯ ሥር ደብቃ ስታይ ያ ሽታ መጣብኝና መምህራችን ሰሌዳው ላይ የሚጽፈው ሁሉ ከዓይኔ ጠፋ። ራሴን ያገኘሁት ጓሯችን ውስጥ፣ የአክስቴ በር ላይ፣ ጆሮዬን ፀሐይ ካሞቀው ቆርቆሮ ጋር አጣብቄ ነው።

አክስቴ የእናቴ የመጨረሻ ታናሽ ናት። ያኔ እኔ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ፤ እሷ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲ ተመርቃ ሥራ አጥታ እኛ ቤት ገብታ ነበር። ጥቁር ጋዋን ለብሳ የተነሳችው ፎቶ ሳሎን ውስጥ ተሰቅሎ ይስቃል። እሷ ራሷ ግን ጓሮ ባለችው ሰርቪስ ክፍል ከእማዬ የድንችና የሽንኩርት ጆንያዎች ጋር ትኖር ነበር፤ ፀጉሯ እንኳን ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር።

በዚያ ሰሞን ፍኖተ ሰላም ውስጥ ዳታ የሚባል ነገር ጠፍቷል። ስልክ ይደወላል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ስለዚህ መዝሙር የፈለገ፣ ፊልም የፈለገ፣ ስብከት የፈለገ ሁሉ ከመናኸሪያው ጀርባ ሚሞሪ ወደሚጭነው ሰውዬ ይሄዳል። ሚሞሪሽን ትሰጪዋለሽ፤ እሱ ከኮምፒውተሩ ያለውን ይገለብጥልሻል። አክስቴም ለመንግሥት ሥራ መቀጠሪያ ፈተና ሊሰጥ ነው የሚል ወሬ ስትሰማ ወደ እሱ ሮጠች። ሰውዬው ምንም አላመነታም። «የሲቪል ሰርቪስ ፈተና ጥናት ሙሉው አለኝ፤ ከረንት አፌርሱ ሳይቀር» አላት።

ከረንት አፌርስ ማለት የሰሞኑ የአገር ጉዳይ ማለት ነው፤ መንግሥት ምን ወሰነ፣ የስንዴ ዋጋ ምን ሆነ፣ የትኛው ወንዝ ተገደበ የሚለው። ሚሞሪዋ እስክትሞላ ጫነላት። አንድ ነገር ብቻ አልነገራትም፤ ምናልባት እሱም አያውቅ ይሆናል። ያ ሁሉ ጥናት የህንድ ነበር። መምህሩ ህንዳዊ፣ ፈተናውም የህንድ፣ ወሬውም የህንድ።

እኛ ግን ይህን ከየት እናውቃለን? እኛ የምናውቀው አክስቴ ከቁርስ በኋላ በሯን በወንበር ደግፋ እንደምትዘጋና ከውስጥ የወንድ ድምፅ እንደሚመጣ ነው። ጎርነን ያለ፣ ቶሎ ቶሎ የሚናገር፣ እንግሊዝኛውን እንደ ሰኔ በረዶ ጣራ ላይ የሚያወርድ ወንድ። አንዳንዴ እሷ ትስቃለች። አንዳንዴ የሚለውን ተከትላ ሰምቼ የማላውቀውን የአገር ስም ታነበንባለች። ከዚያ ስልኩ ይግላል፤ ስልኩ ሲግል እርጥብ እንስራ ላይ ታስደግፈዋለች፣ ያ ሽታ በበሩ ሥር ይወጣል፣ ሰውዬውም ዝም ይላል።

«ምን እያደረግሽ ነው እቴ?» ስላት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው።

«እያጠናሁ።»

እኔ አላምናትም። ጥናት ወረቀት አለው፣ እስክሪብቶ አለው፣ ማዛጋት አለው። ይሄ ጥናት ሳቅ ነበረው። ደግሞ ሊፕስቲክ ስታወጣ አይቻለሁ! (ከንፈሯ ደርቆ ነው ብላለች። እሺ።) መጠርጠር እንዴት ደስ እንደሚል ያወቅሁት ያኔ ነው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጫማዬን አውልቄ በካልሲ ነበር ጓሮ የምገባው።

የመጀመሪያዋ ጠርጣሪ እኔ ልሁን እንጂ የበላይዋ ጎረቤታችን ባለ ሱቋ ነበረች። የሱቋ የኋላ መስኮት ጓሯችንን ያያል። አንድ ቀን ዘይት ልገዛ ስሄድ ድምፅዋን ቀንሳ፣ «የክፍሏ የውጭ ግድግዳ ላይ በከሰል የሣለችው ምንድን ነው?» አለችኝ። ሥዕሉን እኔም አይቼዋለሁ፤ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ሾጠጥ ያለ፣ የበሬ ምላስ የመሰለ ነገር ነው። «አላውቅም» አልኳት።

«እኔ አውቀዋለሁ» አለች፣ ዘይቱን መቅዳቷን ትታ። «ህንድ ነው። የባለቤቴ ወንድም ኩላሊቱን ሊታከም ሲሄድ ካርታው በአጀንዳው ላይ ነበረ። አንቺ ልጅ፣ ህንድ የሚሄደው እኮ እዚህ ሐኪም ተስፋ የቆረጠበት ነው። ምነው በሞትኩት! ይህቺ ልጅ ታማለች።»

በቃ። ወሬው ባጃጅ ተሳፍሮ ዋናውን አስፋልት ዞረ። እማዬ ከምታስተምርበት ትምህርት ቤት ስትመለስ ሰዎች እየቆሙ «እግዜር ይማራት» ይሏት ጀመር። እማዬ ደንግጣ «ኧረ ደህና ናት!» ስትል፣ የባሰ ደበቀች ይሏታል። የሚገርመው ደግሞ አክስቴ እውነትም ማሳል ጀመረች። ደረቅ፣ ረጅም፣ ትከሻ የሚያንቀጠቅጥ ሳል።

አሁን ነገሩ ለምን ከባድ እንደነበረ ልንገራችሁ። ከቡሬ ወዲያ አንድ ባለ ወፍጮ አለ፤ አክስቴን ለልጁ ይፈልጋታል። ለትልቁ አጎቴ፣ ማለት ለእማዬና ለአክስቴ ታላቅ ወንድም፣ ሰው ልኮ ነበር። አጎቴም «ይሁን፣ ሽማግሌ ይምጣ» ብለው ግማሽ ቃል ሰጥተዋል። አክስቴ ስትሰማ ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እማዬ አስታርቃ ያገኘችላት ነገር ቢኖር ይህ ነው፦ ፈተናውን ተፈትና ካለፈች ሥራዋን ትያዝ፣ ከወደቀች ታግባ። ግን ሽማግሌው ከፈተናው ቀድሞ ከመጣ፣ ማን ያስፈትናታል? የታጨች ልጅ ገጠር ትገባለች እንጂ የፈተና አዳራሽ አትገባም። ያ ሁሉ የተንጠለጠለው በዚህ ነበር።

የሕመሙ ወሬ ቡሬ ሲደርስ ባለ ወፍጮው ለአጎቴ እንዲህ ብሎ ላከ፦ «ልጅቱ ጤነኛ ናት ብላችሁኛል። ህንድ ለህንድ የሚባለው ምንድን ነው? ይጣራልን። ከጠራ በሚቀጥለው እሑድ ሽማግሌ እልካለሁ።»

አጎቴ መጡ።

አጎቴን ካላወቃችኋቸው ምንም አላወቃችሁም። በአገራቸው የውኃ አባት ነበሩ፤ ከወንዙ በተጠለፈው ቦይ ማን በየትኛው ቀን እርሻውን እንደሚያጠጣ የሚወስኑት፣ ተራ የሰረቀውን የሚዳኙት እሳቸው ናቸው። ሰው መርጧቸው ነው፤ የመረጣቸውም ማንንም ስለማያምኑ ነው። ውኃ ስትሰጧቸው ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ያነሳሉ። በፈገግታ ሰላም ያላቸውን ሰው «ምን ፈልገህ ነው?» ይሉታል። አንዴ እኔን ከክፍሌ አንደኛ መውጣቴን ስነግራቸው ጭንቅላቴን እየዳበሱ «ሌሎቹ ምን ነክቷቸው ነው?» ብለዋል። እንዲህ ያሉ ሰው ናቸው። እርጥብ አፈርና የበግ ለምድ ይሸታሉ።

ከሰንበት ቅዳሴ በኋላ ግቢያችን ውስጥ ካለው አቦካዶ ሥር አስቀመጡን። «አውጫጭኝ ነው» አሉ። አውጫጭኝ የድሮ ነው፤ አገር ውስጥ ከብት ሲሰረቅ፣ ሰው ሲሞት፣ ያገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ያየውንና የሰማውን በመሐላ የሚያወጣበት። ተናጋሪው እንዳይታወቅ ለዳኛው በጆሮው ይነግረዋል፤ ዳኛው ሲያወጣው «ወፍ እንዲህ አለች» ይላል። ይሄ ለአንድ አገር ሰው የተሠራ ነገር ነው። እኛ ግን አምስት ነበርን! አጎቴን ስትጨምሩ ስድስት። እማዬ፣ ጎረቤታችን፣ ነገሩን በመሐላ ሊያስጀምሩ የተጠሩት የንስሐ አባታችን፣ እኔ፣ እና አንገቷን ደፍታ የቡና ሙቀጫ ላይ የተቀመጠችው አክስቴ።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን አወጡ። «ያየሽውን ብትደብቂ፣ ያላየሽውን ብትጨምሪ…» ብለው ጨረሱት። «አሜን» አልን። ከዚያ አንድ በአንድ ወደ ግንዱ እየሄድን ለአጎቴ አንሾካሾክን። የእኔ ተራ ደረሰ። ስለ ሊፕስቲኩ ልነግራቸው ነበር፤ ግን ከዚያ የሚበልጥ ነገር ነበረኝ። ስከታተላት ያየሁት ነው። «ጋሼ፣ እቴ የምታስለው ጎረቤታችን መስኮቷን ስትከፍት ብቻ ነው» አልኳቸው። አጎቴ ፊታቸው አልተለወጠም። «ሂጂ ተቀመጪ» አሉኝ።

ከዚያ ማውጣት ጀመሩ።

«ወፍ የወንድ ድምፅ ሰማሁ አለች።»

ሁላችንም ወደ ጎረቤታችን ዞርን። እሷ ወደ አቦካዶው ቀና አለች።

«ወፍ ግድግዳ ላይ የከሰል ሥዕል አየሁ፣ በሽተኛ የሚሄድበት አገር ነው አለች።»

አሁንም ወደ ጎረቤታችን ዞርን። «ምን ታዩኛላችሁ? ወፍ ናት እኮ!» አለች።

«ወፍ ልጅቱ እንደ ወትሮዋ ትበላለች፣ እንዲያውም ጨምራለች አለች።»

እማዬ ነጠላዋን አስተካከለች። ጎረቤታችን ግን መቻል አቃታት፦ «በሽታውም ይበላላ!»

የንስሐ አባታችን ጭራቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቃቸውን ደበቁ። እኔ የራሴን ወፍ እጠብቃለሁ። ጠበቅሁ፣ ጠበቅሁ። አጎቴ ግን «ይኸው ነው» ብለው ዘጉት። የእኔን ወፍ አላወጧትም! ሌባ የያዝኩ መስሎኝ፣ የሌባው ስም ሳይጠራ ችሎቱ ተነሣ። እንዴት ተናደድኩ መሰላችሁ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አጎቴንም ጠረጠርኳቸው።

«አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሏት አክስቴን።

«እያጠናሁ ነው አልኩ። ማን ሰማኝ?»

«ታሳይ» አሉ የንስሐ አባታችን። «ንጹሕ ሰው ምን ያስፈራዋል?»

አክስቴ ቶሎ አልተነሳችም። እየጎተተች ሄዳ ስልኩን አምጥታ ጀሪካን ላይ አስደግፋ ከፈተችው። እነሆ ሰውዬው ወጣ! ሸሚዙ ውኃ ሰማያዊ፣ ጢሙ የተስተካከለ፣ ከጀርባው ሰሌዳ፣ ሰሌዳው ላይ ያ የበሬ ምላስ። ተርጓሚ እኔ ሆንኩ። የሚለውን ግማሹን ነው የምሰማው፤ የቀረውን አክስቴ በቀስታ ታቀብለኛለች።

መምህሩ በሁለት ክፍላተ ሀገር መካከል ስላለ ወንዝ ይናገር ነበር። ዝናብ ባነሰበት ዓመት ከላይ ያለው ግድቡን ይዘጋል፤ ከታች ያለው ገበሬ ሩዙ ይደርቅበታል፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ሄዷል።

አጎቴ በርጩማቸውን ወደ ስልኩ ሳብ አደረጉ።

«ቀድሞ ያለማው የትኛው ነው?»

«አልተናገረም ጋሼ።»

«እንዴት አይናገርም? ዋናው እሱ አይደለም እንዴ! ዳኛውስ ወንዙ ድረስ ወርዷል?»

«በወረቀት ነው መሰለኝ።»

«አሃ» አሉ፣ የንስሐ አባታችንን እያዩ። «ከላይ ያለው ዳኛውን አብልቷል።»

«ኧረ ጋሼ፣ ህንድን በማያውቁት!» አለች እማዬ።

«ውኃን አውቃለሁ» አሉ።

ከዚያ መምህሩ ስለ ዝናብ ነፋስ ተናገረ፤ ከባሕር ተነስቶ ወደ አገራቸው ደቡብ ጫፍ በሰኔ መባቻ ግድም እንደሚገባ። ስተረጉም አጎቴ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ። «እነሱም ሰኔ?» አሉ። እዚያ ርቆ ያለ ገበሬም በሰኔ ቀና ብሎ ደመና እንደሚያይ ያኔ ገና የሰሙት መሰሉ። «እግዚአብሔር አንድ ነው» አሉ የንስሐ አባታችን። ለትንሽ ጊዜ አውጫጭኙን ሁሉም ረስቶት ነበር። የደረሰ አቦካዶ ድብ ብሎ ወደቀ፤ ማንም አላነሳውም።

እኔ ነኝ ያበላሸሁት፤ ወይም ያስተካከልኩት። «እቴ» አልኩ፣ «የእኛ አገርስ መቼ ነው የሚመጣው?»

አክስቴ ስልኩን ከጀሪካኑ ላይ አነሳች። እማዬ ነገሩ ቀስ እያለ ገባት፤ ፊቷ ላይ ሲገባ አየሁት። «ይሄን ሁሉ ጊዜ የሰው አገር ፈተና ነው ስታጠኚ የከረምሽው?»

«ያ ሰውዬ ሲቪል ሰርቪስ ነው ብሎ ጫነልኝ…»

«ታዲያ አልታመመችም?» አለች ጎረቤታችን። እግዜር ይይላትና ቅር ያላት መሰለ።

የንስሐ አባታችን መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። «እንግዲህ ነገሩ ጠራ። ሰውዬው መምህር ነው፣ ልጅቱም ጤነኛ ናት። ለባለ ወፍጮው ይነገረው፤ የእሑዱ ሽማግሌ ይምጣ።»

አክስቴን አየኋት። ንጽሕናዋ ተመስክሮላት እንዲህ ያመድ ፊት ያላት ሰው አይቼ አላውቅም። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ መሀል ደብቃ ወደ መሬት ታያለች።

አጎቴም አዩዋት። አፈር ቆንጥረው በጣታቸው ፈተጉ። «አንዴ ብትከፍችልን ይሄ ሁሉ ወሬ ባልመጣ» አሏት። «ስምሽ መንገድ ለመንገድ ሲንከባለል፣ ከመጀመሪያው ለምን አላሳየሽንም?»

አክስቴ እጆቿን ከጉልበቷ መሀል አላወጣችም።

አጎቴ አፈሩን አራገፉና ተነሱ።

«አልተጣራም» አሉ።

«ምኑ ነው ያልተጣራው?» አሉ የንስሐ አባታችን።

«የጫነላት ሰው ሌላ ምን እንደጫነላት ማን ያውቃል? ደግሞ ሳሏ አለ። ሳሏ አልተጣራም። ከክረምት በኋላ ተመልሰን እንቀመጣለን። እስከዚያ ማንም ሽማግሌ እደጄ እንዳይደርስ።»

አክስቴ ቀና አለች፤ ዓይኗ እንባ ሞላ። «አሳየሁዎት እኮ! በመስቀል ፊት አሳየሁዎት!»

«አልተጣራም አልኩ» አሉ አጎቴ፣ ሳያዩዋት። ጎረቤታችን ወደ ሱቋ ስትሄድ እግሯ መሬት አይነካም ነበር።

ምርኩዛቸውን እኔ ይዤ እስከ ባጃጁ የሸኘናቸው እኔና እማዬ ነን። እማዬ ተቆጥታ ነበር። «ጋሼ፣ ምን ሆኑ? ልጅቱ ውሸታም ናት?»

አጎቴ ወደ ኋላ ዞረው አጥሩን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «የውኃ ሌባ ቦይ ሲከፍት ባልንጀራው ዘብ ቆሞ ሰው ሲመጣ ያስላል። የሐሰት ሳል ለይቼ ያረጀሁ ሰው ነኝ» አሉ። «ልጅቱ ስሟን ያጠፋችው ራሷ ናት። ሰው ከመታማት የባሰ ካልመጣበት መታማትን አይመርጥም። ጠራ ካልኩ እሑድ ሽማግሌው ይቀመጣል። አልሰጥም ካልኩ ቃሌን አጠፍኩ፣ ከባለ ወፍጮው ጋር ጠብ ነው። አልተጣራም ካልኩ ግን ማን ምን ይለኛል? ትፈተን።»

እማዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ታዲያ ይንገሯት! እንዲህ አሳዝነዋት…»

«እንዳትነግሪያት። ካወቀች ፊቷ ይፈካል፤ ፊቷ ከፈካ ያቺ ሱቅ ታየዋለች፤ ሱቋ ካየች ቡሬ ይሰማል። ትፍራኝ። የፈራ ሰው ያጠናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺ ወፍ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ሁለተኛ እንዳትዘፍኚ።»

አልዘፈንኩም። እናንተም እንግዲህ ዱርቤቴ ዘመድ ያላችሁ ከሆነ አፋችሁን ያዙልኝ፤ ለምን ዱርቤቴ እንዳልኩ ይገባችኋል።

የዚያን ዕለት ከሰዓት አክስቴ በሯን ሳትዘጋ ተኝታ አለቀሰች። አጠገቧ ሄጄ ተቀመጥኩ። ሲወጣላት ፊቷን በጆንያው ጫፍ ጠርጋ ሳቀች። የህንድ መሆኑን ከጀመረች ብዙም ሳትቆይ አውቃ ነበር። ግን ሌላ የሚጫን የለም፣ መጽሐፉ የለም፣ ደውላ የምትጠይቀው የለም። ደግሞ ያ ሰውዬ ሲናገር ማንም በሯን አያንኳኳም፣ ማንም ስለ ባለ ወፍጮው ልጅ አያነሳባትም። ጎረቤታችን ታማለች ስትል ሰምታ፣ «እሰይ» አለች። ሳሉ የመጣው ያኔ ነው።

«አየሽ» አለችኝ፣ «ያ ሽማግሌ አጎትሽ እንዳይጠረጥረኝ ስፈራ፣ በጥርጣሬው አዳነኝ። ሳያውቀው ጠቀመኝ። ሞኝ!»

እኔ ምላሴን ነከስኩ።

ከዚያ በኋላ የእኛን አገር አጠናች። በምን መሰላችሁ? በእኔ የዜግነት መጽሐፍ፣ በእማዬ ሬዲዮ፣ በቢሮ የሚሠሩ የእማዬ ጓደኞች በሰጧት ቁርጥራጭ ጋዜጣ። ጠያቂዋ እኔ ነበርኩ፤ ግቢው ውስጥ ልብስ እያሰጣች፣ ድንች እየላጠች እጠይቃታለሁ። ስትሳሳት «ይቺ የህንድ ናት!» እላትና እንስቃለን። ስሌቱን ግን ከህንዱ መምህር የተማረችውን አቋራጭ አልተወችም። አጎቴ በየገበያው ቀን እየመጡ በር ላይ ቆመው «ሳሉ እንዴት ነው?» ይላሉ። «አለ» ትላለች በጥርሷ። «ይኑር» ብለው ይሄዳሉ። እንዴት ትጠላቸው ነበር! ሲወጡ መጽሐፉን እንደ ጠላት ትገልጠዋለች።

ተፈተነች። ዝናቡ ከባድ በሆነበት ሰሞን ውጤት ሲለጠፍ እማዬ ጥላዋን ጥላ ሮጠች። አልፋለች። ዱርቤቴ አንድ መሥሪያ ቤት ደረሳት፤ እህልና ከብቱ የሚበዛበት ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይታ ገባች። የባለ ወፍጮው ልጅ ደግሞ መጠበቅ ሰልችቶት ሌላ አገባ። ሰርቪሷ ክፍል ከድንችና ከሽንኩርት ጋር ብቻዋን ቀረች፤ የከሰሉን ካርታ እማዬ ኖራ ስትቀባ እኔ ጠርዙን በጣቴ ስከተል ቆየሁ።

ይህ ሁሉ ደስታ ነው፣ አይደለም? እኔም እንደዚያ መስሎኝ ነበር። በበጋው አንዲት የቡሬ ሴት ገበያ ላይ እማዬን ስታገኛት፣ የአጎቴ አገር ሰዎች ሌላ የውኃ አባት እንደመረጡ ነገረቻት። ባለ ወፍጮው ተናግሮ ነው ይባላል። «የገዛ እህቱን ሳል ማጣራት ያቃተው ሰው የእኛን ውኃ እንዴት ያጣራል?» ብለዋል የአገሩ ሰዎች። እማዬ አጎቴን ስትጠይቃቸው ጉልበታቸውን አሻሹና «አሞኝ ተውኩት። ቦዩ ዳገት አለው» አሉ። እኔ እዚያው ነበርኩ። በዚያ ጉልበታቸው ከመናኸሪያ እኛ ቤት ድረስ በእግራቸው ነው የመጡት።

ባለፈው ፋሲካ አክስቴ በዓሉን ከእኛ ጋር ልትውል መጣች። አዲስ ጫማ፣ አዲስ ቦርሳ፣ ስትናገርም ቢሮ ቢሮ የሚል ድምፅ አውጥታለች። ለሁላችን የሆነ ነገር ይዛለች። ለአጎቴ ጋቢ ገዝታላቸው ነበር፤ ግን ጉልበታቸውን ሳትስም፣ አጠገባቸው መደቡ ላይ አስቀመጠችው። «ይኸው። ከየት አመጣችው ብለው ደግሞ ይጠርጥሩ» አለች፣ በፈገግታ የተጠቀለለ ነገር። አጎቴ «እሺ» አሉ ብቻ። ጎረቤቶችን ሰላም ልትል ስትወጣ ሳቋ ከግቢው ውጭ ይሰማን ነበር።

ጋቢውን ቶሎ አልነኩትም። ከዚያ ጥለቱን በጣታቸው እየዳሰሱ ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«ሥራዋን ትወደዋለች?»

«በጣም ጋሼ። ስለ ሌላ ነገር አታወራም።»

 እንዴት አወቅሽ፣ ማን ነገረሽ፣ ለምን እንዲህ አልሽ ይሉኛል ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልጠየቁኝም። ጋቢውን ፈትተው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረጉና በሩ ወዳለበት ወደ ብርሃኑ ዞረው ተቀመጡ።